ባቡሩን ማን ፎቶ አነሳው?

ቅዳሜና እሁዳቸውን ሐዲድ ዳር ቆመው ባቡር ሲጠብቁ የሚውሉ ሰዎች አሉ። አይሳፈሩም፤ የሚቀበሉት ዘመድም የላቸውም። ባቡሩ ሲመጣ ፎቶ ያነሱታል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንግሊዝ አገር ኤሪክ ትሬሲ የሚባሉ ጳጳስ ነበሩ። ለአሥርት ዓመታት ባቡር ፎቶ ሲያነሱ ኖረው በ1978 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) አፕልቢ በተባለ ጣቢያ የእንፋሎት ባቡር ሲጠብቁ እዚያው አረፉ። እኛ ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ግን ቀናን።

የዚህ ሱስ ንጉሥ ግን አሜሪካዊው ዊንስተን ሊንክ ነው። የብሩክሊን ልጅ፣ በሙያው የማስታወቂያ ፎቶ አንሺ። በጥር 1955 ለሥራ ቨርጂኒያ ሄዶ ሳለ አንድ ምሽት ወደ ባቡር ጣቢያ ብቅ አለ። ያኔ የአሜሪካ ባቡሮች ከሞላ ጎደል ወደ ናፍጣ ዞረዋል። ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባለው ኩባንያ ብቻ ከትልልቆቹ መካከል በእንፋሎት ላይ ሙጭጭ ብሏል። ምክንያቱ ናፍቆት አልነበረም፤ ዋና ጭነቱ የድንጋይ ከሰል ስለነበር ነው። ደንበኛህ የሚሸጠውን ነገር ትተህ ናፍጣ መግዛት ትንሽ ያሳፍራል።

ሊንክ ፈቃድ ጠየቀ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሮበርት ስሚዝም በሩን ከፈተለት። ደመወዝ የለም፣ ወጪው ከራሱ ኪስ ነው፤ ግን ሐዲዱ ሁሉ የእሱ ሆነ።

ሊንክ ማታ ማታ ነበር የሚያነሳው። ፀሐይን ማዘዝ አይቻልም፣ ሐዲዱንም ማዞር አይቻልም፤ ጨለማ ውስጥ ግን መብራቱ ያንተ ነው። ያኔ የነበረው የፍላሽ አምፖል አንዴ በርቶ የሚቃጠል ነበር። እሱ በደርዘን የሚቆጠሩ አምፖሎችን በአንድ ሽቦ በተከታታይ አያይዞ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲበሩ አድርጎ ይዘረጋል። አንዱ ከተበላሸ ሁሉም አይበሩም። ባቡሩ ደግሞ የሚያልፈው አንዴ ነው። ሰዓታት የፈጀ ዝግጅት በአንዲት ቅጽበት ወይ ይሰምራል ወይ ከንቱ ይቀራል።

በ1956 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያነሳው ፎቶ ከሁሉም ይበልጥ ይታወቃል። ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሆነው ሲኒማ ያያሉ፤ ስክሪኑ ላይ የጦር አውሮፕላን ይበራል፤ ከጎን የጭነት ባቡር ነጭ ጭሱን እየተፋ ያልፋል። (አውሮፕላኑ በኋላ የተጨመረ ነው፤ የፍላሹ ብርሃን ስክሪኑን ባዶ አድርጎት ነበር።) ልብ በሉ፤ ባቡሩ ከበስተጀርባ ነው። ከፊት ያሉት ሰዎች ናቸው። በሌሎቹም ፎቶዎች ልጆች ወንዝ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ሰው ሳሎኑ ተቀምጧል፤ ባቡሩ በድልድዩ ላይ ወይም በመስኮቱ በኩል እልፍ ይላል። የሊንክ ትልቅነት ለእኛ እዚህ ላይ ነው፤ ባቡሩ የሰፈር ሰው እንደነበር ገብቶታል።

በ1960 ኩባንያው እንፋሎትን ተሰናበተ፣ ሊንክም ወደ እንጀራው ተመለሰ። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ከባቡር ወዳጆች በስተቀር ሥራውን ከቁም ነገር የቆጠረው ብዙ ሰው አልነበረም። እሱ በ2001 ሞተ። በ2004 ደግሞ ሮአኖክ ከተማ የነበረው የኩባንያው የመንገደኞች ጣቢያ በስሙ ሙዚየም ሆነ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የእኛም ባቡር ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ የዞረው በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ድሬዳዋን በ1902፣ አዲስ አበባን በ1917 የደረሰው ባቡር ከተማ ቆርቁሯል፣ ለአንድ ሰፈራችን እንኳ ከፈረንሳይኛ የተቀዳ ስም ትቶለታል፤ ለገሃር። ነገር ግን የባቡራችንን ፎቶ ስንፈልግ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ምረቃ፣ የክብር እንግዳና ሰልፍ ነው። አዋሽ ላይ በመስኮት የሚሸጠው ሰው የታለ? ዕቃዋን ከመቀመጫው ሥር የምትደብቀው ነጋዴስ? የናፍጣውን ባቡር ጋራዥ ውስጥ የሚፈታታው መካኒክስ?

ካሜራ ውድ ነበር፣ እሺ። ግን ካሜራ በየኪሳችን በገባበት ዘመንም ሐዲድ አጠገብ ስልክ አውጣና እይ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘበኛ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው!» ይልሃል። ለምን ብትለው እሱም አያውቀውም። በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር ውስጥ ተጨናንቀን የሄድንበት ጠዋት እኮ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ታሪክ ነው። ሮበርት ስሚዝ ለሊንክ የሰጠው ገንዘብ አልነበረም፤ አትከልክሉት የሚል ቃል ነው።

እስከዚያው ድረስ ያለን ተስፋ የቤተሰብ አልበም ነው። አያቱ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ወይም እናቱ ድሬዳዋ ያደጉ ካለ፣ በዚህ እሁድ አልበሙን ገለጥ ገለጥ ያድርግ። አጎትየው በአዲስ ሱፍ ልብስ ተሸልመው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። እሳቸውን ተዋቸውና ከትከሻቸው በስተኋላ ያለውን አጥብቀህ እይ።