ዜና ጉግስ፤ ከጣራ ገዳም እስከ ደብረ ታቦር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የበጌምድር ፈረሰኞች ጋሻና ዘንግ ይዘው የሚጫወቱትን የጉግስን ነገር፣ አስቀድሞ የጦር ትምህርት እንደ ነበረ፣ ኋላም የበዓል ክብር እንደ ሆነ እንጽፋለን። እግዚአብሔር ያስፈጽመን፤ አሜን።

ጣራ ገዳም ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ያለ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ቀና ብሎ የሚያየው ተራራ ነው። ጥዱና ወይራው በገዳሙ ስም ተከብሮ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከሥሩ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ባሕር ተዘርግቷል። ወደ ምሥራቅ የወጣ ሰው ደግሞ የጉናን ተራራና የደብረ ታቦርን ደጋ ያገኛል። ደጋው ለፈረስ ይስማማል፤ ሜዳው ለግልቢያ ይመቻል። ስለዚህ በዚህ አገር ፈረስ የሌለው ጌታ፣ ጋሻ የሌለው ጎበዝ አይባልም ነበር።

በዘመነ መሳፍንት የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫቸውን በደብረ ታቦር አደረጉ። ነገሥታቱ በጎንደር በስም ብቻ ሲቀመጡ፣ የመንግሥቱ ሥልጣን በደብረ ታቦር ሆነ። የየጁዎችም ኃይላቸው ፈረሰኛቸው ነበረ። ፈረሰኛ ግን በአንድ ቀን አይገኝምና፣ ወጣቱ በሰላሙ ጊዜ በጨዋታ ይለማመድ ነበር።

ልማዱም እንዲህ ነበረ። ብላቴናው በቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው በደብረ ታቦር በዓል፣ ከእኩዮቹ ጋር ጅራፍ ይገራረፋል፤ በዚህም ሕመም መቻልን ይማራል። ከፍ ሲል በዱላ ምክቶሽ ይገጥማል፤ በዚህም ዓይኑ የባላጋራውን እጅ መከተል ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ፈረስ ይሰጠዋል። በአውራ ጣቱ እርካቡን ቆንጥጦ፣ ልጓሙን በግራ እጁ ከጋሻው ጋር ይዞ፣ ቀኝ እጁን ለመሣሪያ ነጻ ማድረግን ሲችል ያን ጊዜ ለጉግስ ይበቃል።

በጉግስ ቀን ፈረሶቹ በግላስና በኮርቻ ያጌጣሉ። ዳማው፣ ቦራው፣ ጉራቻው፣ አምባላዩ በየወገኑ ይሰለፋል። ከአንደኛው ወገን ፈረሰኛ ይወጣና በተቃራኒው ወገን ፊት ዞሮ ይሸሻል፤ ከዚያኛው ወገን ደግሞ አባራሪ ይነሣበታል። አባራሪው ብረት የሌለው ዘንግ ይዞ ሽምጥ ይጋልባል፤ ርቀቱ ሲመጥንለት ከኮርቻው ብድግ ብሎ ይወረውራል። የሚሸሸው ፊቱን ሳያዞር በፈረሱ ኮቴና በአባራሪው ትንፋሽ ርቀቱን ይለካል፤ ጋሻውን ከጀርባው ላይ ያውላል፤ ወይም በፈረሱ ጎን ተለጥፎ ዘንጉን ያሳልፋል። ዘንጉ ጋሻውን ሲመታ ድምፁ ከሜዳው ዳር ይሰማል፤ ሴቶችም እልል ይላሉ። ወዲያው የሸሸው ይመለሳል፤ ያባረረውም ተራው ደርሶ ይባረራል። ድል ያደረገው በፈረሱ ስም ይፎክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና የተባሉት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ያባረረ እንደሚባረር ግን በጨዋታ ብቻ አልታየም። በ1834 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የስሜንና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ብዙ ነፍጥ ይዘው በደብረ ታቦር ከየጁው ገዥ ከራስ አሊ ጋር ተዋጉ። ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ውቤ በድንኳናቸው ሆነው በድላቸው ሲደሰቱ፣ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ከቀረው ጦር ጋር ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ድሉ ባንድ ቀን ተገለበጠ። ጋሻውን ቶሎ ያወረደ ሰው ዕጣው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የቋራው ካሣ ተነሡ። በ1845 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ሰኔ በአይሻል የራስ አሊን ፈረሰኛ ሰበሩ፤ የየጁዎችም አገዛዝ አበቃ። በየካቲት 1847 ደራስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ በደብረ ታቦርም ተቀመጡ። እርሳቸው በጦርና በፈረስ የታወቁ ጀግና ሲሆኑ፣ የሚመጣው ዘመን የመድፍ ዘመን መሆኑን አስቀድመው አዩ። ስለዚህ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን መድፍ አሠሯቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበረ። በ1860 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ኃይል አስጎትተው ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በዚያም ሚያዝያ 6 ቀን ዐረፉ።

ፈረሰኛው ግን ገና አልጠፋም። በ1922 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከመንግሥቱ ጦር ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ገጠሙ። በዚያ ዘመቻ አውሮፕላን በላያቸው ወረቀት በተነ፤ ቦምብም ጣለ። ራስ ጉግሣ በጦርነቱ ላይ ወደቁ። ከኋላ የሚመጣውን ዘንግ የሚመክት ጋሻ ከሰማይ የሚወርደውን እንደማይመክት ያን ጊዜ ሁሉ አወቀ።

ጦርነቱ ከፈረሰኛው እጅ ሲወጣ፣ ጨዋታው በእጁ ቀረ። ዛሬም ጥር 25 ቀን በደብረ ታቦር የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ሲከበር ፈረሰኞች ከየገጠሩ ይወጣሉ፤ ጉግስም ይጫወታሉ። መርቆሬዎስ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ኡልያኖስን በጦር ሲወጋ የሚታይ ሰማዕት ነው። ፈረሰኛ ሰማዕትን ፈረሰኛ ሕዝብ ሲያከብር በዓሉና ጨዋታው ተስማሙ። አባቶች ለዘመቻ የተማሩትን ልጆች ለክብር ይዘውታል።

የሩቅ አገር ሕዝብም እንዲሁ አድርጓል። በእስያ ደሴቶችና ባሕረ ገብ ምድር የሚኖሩ የማላይ ሰዎች ሲላት የሚባል የጦር ጥበብ አላቸው። በባዶ እጅና ኬሪስ በሚባል ጩቤ ይገጥሙበታል፤ በሠርግና በበዓል ደግሞ ከበሮና ጎንግ እየተመታ እንደ ጭፈራ ያሳዩታል። መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ከመምታት ጋር ትሕትናን ያስተምራል። በታኅሣሥ 2012 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የዩኔስኮ ጉባኤ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተሰብስቦ የማሌዥያን ሲላትና የኢንዶኔዥያን ፔንቻክ ሲላት በሰው ልጆች ቅርስ መዝገብ አስገባ። በዚያው ጉባኤ የእኛም ጥምቀት ተመዘገበ። የጥምቀት ወር ጥር ነው፤ የጉግስም ወር ጥር ነው። ታቦቱን አጅቦ የሚወጣው ፈረሰኛ ጥበቡ ግን ለብቻው አልተጻፈለትም።

የማላይ ሰዎች ጥበባቸውን ያቆዩት መምህር፣ ደቀ መዝሙርና ሥርዓት ስለነበራቸው ነው። እኛም መምህሩ አለን፤ ፈረሱ አለን፤ ሜዳው አለን፤ በዓሉ አለን። የጎደለን ጽሕፈቱና ትምህርቱ ነው። ዘንጉ እንዴት እንደሚወረወር፣ ጋሻው ከየትኛው ቆዳ እንዴት እንደሚሠራ፣ ውርንጭላው እንዴት ለጉግስ እንደሚገራ የሚያውቁ አረጋውያን በየቀበሌው አሉ። ሲያልፉ እውቀቱ አብሯቸው ያልፋል።

ስለዚህ የጣራ ገዳም፣ የፎገራና የደብረ ታቦር ልጆች ሆይ፤ አባቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጻፉ። መምህራን ሆይ፤ ጉግስን ለተማሪዎቻችሁ እንደ ታሪክም እንደ ስፖርትም አስተምሩ። የባህል ሹሞች ሆይ፤ ሕጉን ከአዋቂዎቹ አፍ ሰብስባችሁ በመጽሐፍ አድርጉት፤ ለዓለም መዝገብም አቅርቡት። ሴባስቶፖልን የጎተተ ሕዝብ ልጆች ይህን መሥራት አያቅታቸውም።