የእናቴ ሲንጀርና የክላይድባንክ ሠራተኞች

እናቴ በእጅ የምትዞር አንዲት ጥቁር ሲንጀር የስፌት መኪና ነበረቻት። በወርቅማ ቀለም የተሣለባትን ክንፋም አውሬ በልጅነቴ የይሁዳ አንበሳ እያልሁ እጠራው ነበር፤ ፊቱ የሰው መሆኑን ያስተዋልሁት ኋላ ነው። ደብተራችንም የበዓል ልብሳችንም የወጣው ከዚያች መኪና ነው። ለስደቴ መንገድ ገንዘብ ሲጠፋ እናቴ ሸጠቻት። ይህን የሰማሁት ግላስጎው ከገባሁ ከዓመታት በኋላ ነው።

መሰሏን ፍለጋ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጣሁ። እንደ እኔ ለሚፈልግ አንባቢ የተማርሁትን ላካፍል። የወርቁ ሥዕል ገዢን ያታልላል፤ አስቀድሞ መዘውሩ መዞሩ ይታይ። አልዞር ቢል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ዘይት ነውና በነጭ ጋዝና በትዕግሥት ይፈታል፤ ውስጥ ድረስ የዘለቀ ዝገት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ ከመርፌው ሥር ታንኳ መሳዩ መወርወሪያ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ያለ እርሱ የላይና የታች ክር አይቆላለፍም። መርፌውም ይጠየቅ፤ የእናቴ ዓይነቷ ዛሬም በየሱቁ በሚሸጠው መርፌ ትሰፋለች፤ ከእርሷ ለቀደሙት አንዳንዶች ግን መርፌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከእንጨት ሣጥኗ ጋር አንዲት አገኘሁ። ሻጩ «መቶ ሃምሳ ዓመት የሞላት አሜሪካዊት ናት» አለኝ። እውነት ነው፣ አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በመኪናዋ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን በ«ኤፍ» ፊደል ይጀምራል፤ ይህም የክላይድባንክ ፋብሪካ ምልክት ነው። የኩባንያው የቁጥር ዝርዝር ዓመቱን 1911 ይላል።

ክላይድባንክ ከግላስጎው አጠገብ ናት። በዚያው በ1911 የመጋቢት ወር፣ በፋብሪካው የእንጨት ሣጥን የሚያለሰልሱ 12 ሴቶች የሥራቸው አደረጃጀት ቢለወጥባቸው ሥራ አቆሙ፤ 11,000 ያህል ሠራተኞችም አብረዋቸው ወጡ። አድማው ከተበተነ በኋላ ኩባንያው 400 ያህሉን አባረረ። የእኔን ሣጥን ያለሰለሰው የማን እጅ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

በባቡር ሄጄ አየሁ። ትልቁ የሰዓት ማማ በ1963 ፈርሷል፤ ፋብሪካው በ1980 ተዘግቷል። የቀረው «ሲንጀር» የሚል ስም የያዘው የባቡር ጣቢያ ነው።

ማታ እናቴን በስልክ የሸጠቻትን መኪና ቁጥር ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ቁጥሩን ማን ያያል ልጄ፤ እኔ የማየው መርፌዋን ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ያቺ የገዛሃት ትሰፋለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «ትሰፋለች» አልኋት።