ከጧፍ እስከ ቆጣቢ አምፑል

በአገራችን ሰው የኤሌክትሪክን ኃይል በስሙ ሲጠራው እምብዛም አይሰማም፤ ኃይሉ ሲቋረጥ «መብራት ሄደ»፣ ዕዳው ሲመጣ «የመብራት ሒሳብ» ይላል፤ መሥሪያ ቤቱም በሕዝብ አፍ «መብራት ኃይል» ነው። ይህም ረቂቅ ኃይል ወደ ቤታችን የገባው ከሁሉ አስቀድሞ ጨለማን ሊያርቅልን እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከእርሱ በፊት የነበረው የቤት ብርሃን ታሪክ የቁጠባ ታሪክ ነው። ሠም በጥጥ ክር ላይ እየተለበጠ የሚዘጋጀው ጧፍ ለቤተ መቅደስ፣ ለማኅሌትና ለሰዓታት የተገባ ስለ ነበረ፣ የድኻውን ጎጆ ያበራለት የነበረው የምድጃው እሳት ነው። ላምባ ከባሕር ማዶ ከመጣ በኋላ ደግሞ የቆርቆሮው ኩራዝ ተተካ፤ ጢሱም ግድግዳውን ሲያጠቁር፣ የሚያጠናውንም ልጅ አፍንጫ በጥላሸት ሞልቶ ያሳድር ነበር። ፋኖስ ያላት እመቤትም እራት ተበልቶ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ እጇን ሰድዳ ክሩን ዝቅ ታደርገው ነበር፤ የሚነደው ላምባ ከብርጭቆው ሥር ሲጐድል በዓይኗ ታየዋለችና።

የኤሌክትሪክ ብርሃን በአፄ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ታየ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ አዋሽን ገድቦ ኃይል መስጠት ሲጀምር፣ ብርሃን ለብዙ የከተማ ቤት ደረሰ። ነገር ግን የሚጐድለው ነገር ከዓይን ተሰወረ፤ የሚያውቀው በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ብቻ ሆነ። የቀድሞው አምፑል ቀጭን የብረት ክር አግሎ የሚያበራ ስለ ሆነ፣ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው በሙቀት ይባክናል፤ ለዚህም በርቶ የቆየውን አምፑል የነካ ጣት ምስክር ነው።

በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ አንሶ ኃይል በፈረቃ ሲታደል፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ ኃይል ቆጣቢ አምፑሎች በአሮጌዎቹ ምትክ ለሕዝብ ታደሉ፤ ቤተሰብ ሁሉ በምሽት በአንድ ጊዜ የሚያበራ ነውና፣ ከእያንዳንዱ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ኃይል ተደምሮ ለአገር ትልቅ ነበር።

ለቤተሰቡስ? በየምሽቱ አምስት ሰዓት የሚበሩ አራት ባለ 60 ዋት አምፑሎች በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ እነርሱኑ በባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑሎች ብንተካቸው 5.4 ብቻ ይወስዳሉ። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጡት ነባሩ ዋጋ ሳይነካባቸው ስለ ቀሩ፣ ከዚያ እርከን ሳያልፍ መኖር ለድኻ ቤት ታላቅ ነገር ሆነ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ስለ ተደረገ፣ የሚተርፈው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ካለፈው ጊዜ ይልቅ ይከብራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ አዲሱ አምፑል ያመጣልን ጥበብ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን የፋኖሱን ክር ዝቅ ሲያደርጉ የጠበቁት ሥርዓት ነው። የቀረህን አሮጌ አምፑል ለውጥ፤ ከክፍሉም ስትወጣ አጥፋ።