ዜና ዘንኡስ ጎልፍ፤ አቶ ካርተርና ወይዘሮ ፍሪዳ እንዳቆሙት

በአሜሪካ፣ ቴነሲና ጆርጂያ በሚዋሰኑበት ሉክአውት በሚሉት ተራራ ላይ፣ አቶ ጋርኔት ካርተር የሚባሉ መሬት ሸንሽነው የሚሸጡ ባለጸጋ ነበሩ። ባለቤታቸውም ወይዘሮ ፍሪዳ ይባሉ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ግድም ለሆቴላቸው እንግዳ ይስብልኛል ብለው ትንሽ የጎልፍ ሜዳ አበጁ። ወይዘሮዋም የአውሮፓ ተረት ወዳድ ነበሩና በየጉድጓዱ ዙሪያ የድንክዬ ሐውልት አቆሙ። ስሙንም አውራ ጣት ስለሚያህለው የተረት ልጅ ቶም ታም አሉት። ጨዋታው እኛ በሐረርጌ፣ በበደሳ በልጅነታችን አፈር ቆፍረን ብይ ከምንሰድበት ብዙ አይርቅም፤ የእነርሱ በዱላ ነው እንጂ።

ሣር ግን የብዙ ሰው እግር አይችልም። ቀድሞ ቶማስ ፌርቤርን የሚባል በሜክሲኮ ጥጥ የሚያለማ እንግሊዛዊ የጥጥ ፍሬን ገለባ ከዘይትና ከቀለም ጋር ደባልቆ፣ ኳስ ያለችግር የሚንከባለልበት መደብ ሠርቶ ነበር። አቶ ካርተርም ይህን ጥበብ የመጠቀም መብት ገዙ። የቡና ገለባ አፍልተን ሆጃ የምንጠጣ የሐረርጌ ሰዎች በዚህ አንደነቅም።

በ1922 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ገንዘብ በአሜሪካ ከጠፋ በኋላ፣ ይህ ርካሽ ጨዋታ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። የአገሪቱ የንግድ መሥሪያ ቤት ሜዳዎቹን ወደ 25,000 ገመታቸው፤ በኒው ዮርክ በፎቅ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ተተከሉ።

በዚያው ሰሞን፣ ዘመኑ ተለውጦ ሉቃስ በገባ ጊዜ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እሑድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ ዘውድ ጫኑ። ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ አሰበ ተፈሪንም የቆረቆሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት ሕገ መንግሥትም ሐምሌ 9 ቀን ታወጀ። እኛ ሕግ ስናወጣ እነርሱ ኳስ ያንከባልሉ ነበር፤ ዓመቱን ስለምቆጥር ጻፍኩት እንጂ ልወቅሳቸው አይደለም።

ትኩሳቱም ብዙ ሳይቆይ በረደ፤ ሜዳዎቹ በሺህ በሺህ ተዘጉ። አቶ ካርተር ግን ድርሻቸውን አስቀድመው ሸጠው ነበር።

ወይዘሮ ፍሪዳ በበኩላቸው በተራራው ቋጥኞች መካከል ክር እየዘረጉ መንገድ ያወጡ፣ የዱር አበባም እየሰበሰቡ ይተክሉ ነበር። ባልየውም ይህን አይተው ስፍራውን ሮክ ሲቲ ብለው ግንቦት 13 ቀን 1924 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ለጎብኚ ከፈቱት። መንገደኛ ግን አልበዛም። ስለዚህ ክላርክ ባየርስ የሚባል ቀለም ቀቢ ላኩ፤ እርሱም በየአውራ ጎዳናው ዳር የገበሬውን ጎተራ በነጻ እየቀባ፣ በጣሪያው ላይ «ሮክ ሲቲን እዩ» እያለ ይጽፍ ጀመር። 900 ያህል ጎተራ ቀባ። የአትክልት ስፍራውም እስከ ዛሬ በአቶ ካርተር ቤተ ዘመድ እጅ ነው።