ከትከሻ ወደ ወገብ፦ ያገለገለ መሣሪያ በመተማና በቋራ ቆላ ታሪክ



ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ይህን ርዕስ ያስመረጠኝን ጥያቄ ላቅርብ። ከገለጉ የመጣ አንድ ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ከክፍል በኋላ ቢሮዬ መጣ። አባቱ ሰሊጣቸውን ሸጠው፣ ገንዘቡን ይዘው በሽንፋ በኩል ወደ ገንዳ ውኃ መጓዝ ነበረባቸው። መንገዱ ያሰጋል፤ ሰው ታግቶ ገንዘብ የሚጠየቅበት ዘመን ነው። አንድ ሻጭ ያገለገለች አጭር ሽጉጥ አሳይቷቸዋል፤ ስታር የሚሏት፣ ከሸሚዝ ሥር ገብታ የማትታይ። ተማሪው ሲያጣራ እስፓኝ አገር የነበረው የስታር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 እንደተዘጋ ደረሰበት። «መምህር፣ አባቴ ይግዛት ወይስ ይተዋት?» ሲል ጠየቀኝ። «እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ መሣሪያ የማውቀው ነገር የለም» ብዬ ሸኘሁት። መልሴ ግን እውነት አልነበረም። የዚህ ቆላ ታሪክ ከሞላ ጎደል ሌሎች የጣሉትን መሣሪያ የመግዛት ታሪክ ነውና፣ ልነግረው የምችለው ነገር ነበረኝ። የዛሬው ገለጻ ያን ጊዜ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

በሁለት ቃላት ልጀምር። ጠበንጃ የምንለው ቃል ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር የተዛመደ ይመስላል። በቱርክኛ ቃሉ ሽጉጥ ማለት ነው፤ በግብፅና በሱዳን ዐረብኛም ያንኑ ትርጉም ይዞ ይገኛል። ወደ እኛ ሲሻገር ግን ትከሻ ላይ ወጥቶ የረጅሙ መሣሪያ መጠሪያ ሆነ። ለአጭሩ መሣሪያ ከራሳችን ግሥ ስም አወጣንለት፤ ሸጎጠ፣ ሽጉጥ። ስለዚህ በአማርኛ የአንዱ መሣሪያ ስም ራሱ መደበቅን ይናገራል። ጠበንጃ በሠርግ፣ በለቅሶና በገበያ ቀን ሰው እንዲያየው የሚያዝ ነገር ነበር፤ የባለቤቱን ማዕረግ፣ ግዴታና ወገን ያሳውቃል። ሽጉጥ ግን ሰው እንዳያየው ተሸጉጦ ይያዛል። ይህን ልዩነት እንያዝ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ስለ መሣሪያ የመጀመሪያውን መራራ ትምህርት ያገኙት በዚሁ ጠረፍ ነው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ደባርቂ ላይ የግብፅን ጦር ገጥመው ተሸነፉ። ጀግንነት አላነሳቸውም፤ የገጠማቸው ግን በሥርዓት የሠለጠነ፣ በትእዛዝ የሚተኩስ ሠራዊት ነበር። ካሣም ከዚያ በኋላ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ሥልጠናም ፈለጉ። በጋፋት መድፍ ለማሠራት የደከሙትም ሌላው የሚሰጠውን ከመጠበቅ ለመውጣት ነበር።

ነገሩ የተፈጸመው ግን በሽጉጥ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስለተደረገው ቸርነት የምስጋና ምልክት ይሆን ዘንድ ለንጉሠ ነገሥቱ ጥንድ ሽጉጥ ልካ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አብዛኛው ሠራዊት ከከዳቸው በኋላ ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው። ሽጉጡ በሚገባ ሠርቷል። ከኋላው ግን አገር አልነበረም፤ ያን ዕለት ሊሰጥ የቻለው ለአንድ ሰው የሚበቃ የመጨረሻ ውሳኔ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የአውሮፓ ጦር መሣሪያውን በየአሥር በየአሥራ አምስት ዓመቱ ይለውጥ ነበር። በአፈሙዙ የሚጎርሰው በኋላው በሚጎርሰው ተተካ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ጢስ አልባ ባሩድ በሚተኩሰው ተሻረ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ግራ የተባለውን ጠበንጃ ተቀበለች፤ በ1886 ደግሞ በለበል ተካችው። በየለውጡ የተሻረው መሣሪያ ሲከማች ነጋዴ በርካሽ ገዝቶ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ እኛ ያሻግረው ነበር። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት ፉዚል ግራን ነው። ፓሪስ የጣለችው ጠበንጃ በጎንደር ፉከራ ውስጥ የክብር ቦታ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ትርፉ ባለቅኔው አርተር ራምቦ ምስክር ነው። ከላባቱ ጋር ተሻርኮ ለምኒልክ መሣሪያ ለማምጣት በተነሣ ጊዜ፣ በ1878 ዓ.ም. ከታጁራ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጠበንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ መሆናቸውን፣ በልዬዥ ወይም በፈረንሳይ ባሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ እያንዳንዳቸው 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጡና ለሸዋው ንጉሥ ወደ 40 ፍራንክ እንደሚሸጡ ሳይሸሽግ ነግሯቸዋል። አምስት እጥፍ ማለት ነው። ምኒልክ ግን የዋህ ገዢ አልነበሩም። በ1879 ዓ.ም. ራምቦ እንጦጦ ሲደርስ ዋጋውን ሰበሩበት፤ በዚያ ላይ የሟቹን የላባቱን ዕዳ ቀነሱበት። ያገለገለ ዕቃ ገዢ ማወቅ ያለበትን አውቀው ነበር፤ ሻጩ ዕቃውን ተሸክሞ የሚመለስበት መንገድ እንደሌለው።

የመሣሪያው ዋጋ ግን በግዢ ቀን አያበቃም። የግራ ጥይት ለለበል አይሆንም፤ የለበልም ለግራ። ፋብሪካው ማምረት ሲያቆም ጥይቱ እየተወደደ፣ መለዋወጫው እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ በአገራችን ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደርሶ ነበር፤ የተተኮሰው ቀለህም ተለቅሞ ባገር ባሩድና በእርሳስ እንደገና ይሞላ ነበር። ያገለገለ መሣሪያ የገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ገና አልተለያየም። ብረቱ የእርሱ ቢሆንም ጥይቱ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ታዲያ በአሮጌ መሣሪያ የረታ የለምን? አለ። ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ ለትግራዩ ካሣ ምርጫ መድፎችና 850 ያህል ነፍጥ ትቶላቸው ሄደ። እንግሊዝ ለራሷ ጦር ሰናድርን ይዛ ስለነበር የተወችው የማያስፈልጋትን ነው። ካሣ ግን ነፍጡን ብቻ ይዘው አልተቀመጡም፤ በእንግሊዛዊው ኪርክሃም ወታደሮቻቸውን አሠለጠኑ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሳም ላይ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ ብዙ ረሚንግተን ማረኩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊትም የያዘው ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ ጥይቱ ለየቅል የሆነ መሣሪያ ነበር። የድሉ ምስጢር የመሣሪያው አዲስነት አይደለም። ጥይቱን የሚያከማች ግምጃ ቤት፣ ስንቅ የሚያቀርብ አገር፣ ሲጠሩት የሚመጣ ሕዝብ ከኋላው ነበር።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ደግሞ ከዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ጦር የደርቡሽን ቅጥር ጥሶ ለድል ተቃርቦ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ። ጦሩ በነፍጥ አልተራቆተም ነበር፤ ጥይቱም ያን ዕለት አላለቀም። ያለቀው ትእዛዝ ነው። ሠራዊቱን አንድ ያደረገው ሰው ሲወድቅ ያ ሁሉ መሣሪያ የየግለሰቡ ንብረት ሆነ፤ በግል ንብረትነቱም ድሉን ማዳን ወይም የንጉሡን አስከሬን ከጠላት ማስጣል አልቻለም።

ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ያው ጠረፍ እንደገና የመሣሪያ በር ሆነ። እንግሊዞች ከሱዳን በኩል ለአርበኞች ካሻገሩት ጠበንጃ ብዙው አንድ በአንድ የሚጎርስ አሮጌ መሣሪያ ነበርና አርበኞቹ ቅር ተሰኙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ታላቅ ስም ያተረፈው ስሊም የመራው ጦር ገላባትን ያዘ፤ ሊያጸናው ግን አልቻለም፤ መተማም በጣልያን እጅ ቆየ። አዲስ መሣሪያ የያዘው ጦር ሲያፈገፍግ፣ አሮጌውን የያዘው አርበኛ በሕዝቡ ውስጥ ተሸሽጎ፣ በሕዝቡ ስንቅ እየኖረ ጦርነቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ከታሪክ አንጻር ያች ሽጉጥ አዲስ ነገር አይደለችም፤ የውጅግራ የልጅ ልጅ ናት። ሠሪዋ ስለሌለ ካዝናዋና መለዋወጫዋ ከሌላ አሮጌ ሽጉጥ ካልተፈቱ በቀላሉ አይገኙም። ጥይቷ የሚገኘው በዚያው በሻጩ መንገድ ነው፤ ሻጩም ገንዘብ ይዞ የሚጓዘው ማን እንደሆነ ከማንም በፊት ያውቃል። በሕግ በኩልም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል፤ በልማድ መሣሪያ ይዘው ለኖሩ አካባቢዎች ደግሞ የምዝገባና የፈቃድ በር አበጅቷል። በሸሚዝ ሥር የሚካሄደው ንግድ ከዚህ በር ውጭ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ብዬ ብወርድ ለዚያ አባት ፍትሕ አላደረግኩም። ሕግ የጣሰ ሰው ከማለታችን በፊት ምን እንደጎደለው እንይ። አያቱ ጠበንጃውን በትከሻው አንግቶ ገበያ ሲወጣ የሚተማመነው በጠበንጃው ብቻ አልነበረም። ሲጮህ የሚደርስ ጎረቤት፣ ሽማግሌ፣ ባላገር ነበረው፤ ጠበንጃው የዚያ ሁሉ ምልክት ነበር። ዛሬ መሣሪያው ከትከሻ ወደ ወገብ የወረደው ሰውየው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ቢጮህ የሚደርስለት መኖሩን ስለተጠራጠረ ነው። ስለዚህ በዚህ ቆላ የሽጉጥ ገበያ ሲደራ የታሪክ ተመራማሪ ማየት ያለበት የመሣሪያውን ብዛት ብቻ አይደለም፤ መንገዱን የሚጠብቀው የጋራ ኃይል ምን ያህል እንደሳሳ ነው።

ተማሪዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለ መልሴ ይህ ነው። አባትህ አይግዟት። ብቻቸውን ሆነው ለብዙ ታጣቂ የምትበቃ ሽጉጥ በታሪካችን አልተገኘችም፤ የንግሥት ሽጉጥ እንኳ አልበቃችም። ሰሊጣቸውን የሸጡ ጎረቤቶቻቸውን ያሰባስቡ፤ በአንድነት ይጓዙ፤ ገንዘባቸው በእጅ ሳይሆን በባንክ የሚተላለፍበትን መንገድ ይፈልጉ፤ የመንገዱን ጥበቃም ከሚመለከተው አካል በጋራ ይጠይቁ። ይህ መልስ ዛሬ ማታ የሚጓዝን ሰው እንደማያድን አውቃለሁ። ለዚህም ነው ጥያቄው ለእርሳቸው ብቻ የማይተወው። አንድ ገበሬ የዓመት ልፋቱን ይዞ ከገለጉ ገንዳ ውኃ በሰላም እንዲደርስ ማድረግ የመንግሥትም፣ የማኅበረሰቡም፣ የእኛ የተማርን ነን ባዮችም ዕዳ ነው።