ከደጅ ጥናት እስከ ቃለ መጠይቅ፦ የሥራ ፈላጊ ዝግጅት በታሪካችን



ንግግሬን ከሳንሱሲ ልጀምር። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ የሚገኘው የዚህ የኮልፌ ቀራንዮ ሠፈር ስም «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ከሚል የፈረንሳይኛ ሐረግ ጋር ይገጥማል። እኔ ግን ስሙን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ጭንቀት ነው። የዚያው ሠፈር ነዋሪ የሆነች የቀድሞ ተማሪዬ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ምክር ፍለጋ ወደ ቢሮዬ መጣች። ስለ መሥሪያ ቤቱ አንብባለች፤ ማስረጃዎቿን አደራጅታለች። የጠየቀችኝ ሌላ ነበር፦ «መምህር፣ ሁሉም ‹ሰው አለሽ ወይ?› ይሉኛል። እኔ ሰው የለኝም። ታዲያ ምኑን ላጥና?»

ጥያቄዋ የታሪክ ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው። «ጥናት» የሚለው ቃል ራሱ ይመሰክራልና። ዛሬ መጽሐፍ እናጠናለን፤ አባቶቻችን ደግሞ ደጅ ይጠኑ ነበር። ሹመት ወይም ርስት የሚሻ ሰው ከንጉሥ ወይም ከመኳንንት ደጃፍ ይሰነብታል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲዘምት ይከተላል። አጋፋሪውን ይለማመጣል፤ አማላጅ ያፈላልጋል፤ እንደ አቅሙ እጅ መንሻ ያቀርባል። ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህን ሥርዓት በዛሬ ዓይን ብቻ ተመልክተን ብንንቀው ግን እንሳሳታለን። ጌታው የሚመረምረው የትምህርት ማስረጃ አልነበረውም። የሚፈልገው ታማኝነትና ትዕግሥት ነበር፤ እነዚህ ደግሞ የሚታዩት በጊዜ ብዛት ነው። ስለዚህ ጥበቃው ራሱ ፈተና ነበር። ጉድለቱ ፈታኙም፣ መመዘኛውም፣ ዳኛውም አንድ ሰው መሆኑ ላይ ነው። የተጣለው ሰው ለምን እንደ ተጣለ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጽሕፈትና የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ሴንትራል ፐርሶኔል ኤጀንሲ የተባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥር በጌታ ፈቃድ ሳይሆን በደንብ እንዲመራ ታሰበ። በደርግ ዘመን ምሩቃን በአብዛኛው በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራ ይሰማሩ ስለ ነበር ራስን የማስተዋወቅ ጥበብ ብዙም አላስፈለገም። የእኔ ትውልድ ምደባ ሲጠብቅ አድጎ፣ ሲመረቅ የገጠመው አራት ኪሎ ቆሞ የጋዜጣ ማስታወቂያ ማንበብ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ክፍት የሥራ መደብ የሚያዘው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ባገኘ ሰው እንደ ሆነ ደነገገ።

ሕጉ ተለወጠ፤ ደጃፉ ግን በጠባያችን ውስጥ ቀረ። ይህን የምለው በራሴ ላይ መስክሬ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ተወዳዳሪ አንገቷን አቀርቅራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰች። «በራስ መተማመን» በሚለው መስፈርት ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኋት። ዛሬ ሳስበው የቀጣኋት በጨዋነቷ ነው። በታላቅ ሰው ፊት አታፍጪ፣ ራስሽን አታወድሺ ተብላ ያደገች ልጅ ደጅ የሚጠናበትን ሥርዓት ጠንቅቃ ይዛ መጣች፤ እኛ ደግሞ ሳንነግራት ሌላ ሥርዓት ጠበቅንባት።

ይሁን እንጂ ባህላችን ያስተማረን ማቀርቀርን ብቻ አይደለም። ፉከራ አለን፤ ጀግናው በአለቃው ፊት ቆሞ የት እንደ ዋለና ምን እንደ ሠራ ይዘረዝር ነበር፤ ያላደረገውን ቢል የዘመቻ ጓዶቹ ይታዘቡታል። ተጠየቅ አለን፤ በአደባባይ ሙግት ሰው ጥያቄን አዳምጦ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረድቶ ይረታ ነበር።

ለተማሪዬም ያልኋት ይህንኑ ነው፦ «ሰው የለኝም አትበይ፤ ሥራሽ ይመስክርልሽ። የሠራሽውን፣ ያበላሸሽውን፣ ያረምሽውን ሦስት ነገር ምረጪና ጮክ ብለሽ ተለማመጂው። ጥያቄውን እስኪጨርሱ አዳምጪ። ያላወቅሽውን አላወቅሁም በይ።»

ሥራውን አላገኘችም። ነገር ግን ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሳ ነጥቧን ጠየቀች፤ አሳይዋትም። በጽሑፍ ፈተናው ቀድማ፣ በቃለ መጠይቁ ወርዳ ነበር። የወረደችበት ምክንያት በትክክል ይሁን በአድልዎ፣ ከወረቀቱ ላይ መለየት አልቻልንም፤ ቁጥር እንጂ ማብራሪያ አልተጻፈበትም።

ሁለት ነገር ብዬ ላብቃ። ደጅ ጠኚው አያታችን «ለምን?» ሊል አይችልም ነበር፤ እርሷ ብላለች፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን መልስ እስካልተጻፈ ድረስ እርምጃው ግማሽ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ለጥያቄው ተዘጋጁ። ነገ በዚያ ጠረጴዛ ማዶ የምንቀመጥ መምህራንና ኃላፊዎች ደግሞ የሰጠነውን ነጥብ ለማስረዳት እንዘጋጅ።