የላከችው ቀበሌ ሲመለስ «ነዋሪ አይደለህም» ትበለው?

በ1975 ዓ.ም. ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅን አወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ዜጋ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። ጦርነቱ ግን አላባራም፤ ብዙዎች ከተባለው ጊዜ በላይ ግንባር ላይ ቆዩ። ምልመላው በኮታ ነበር፤ ኮታውን የሚያሟላው ደግሞ የገበሬ ማኅበሩና የከተማው ቀበሌ። ወጣቱን ከሞፈሩ ወይም ከክፍሉ አንስቶ የላከው የራሱ አካባቢ ነው ማለት ነው።

ግንቦት 1983 ላይ ያ ሠራዊት ተበተነ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ መመለስ ነበረበት። ተመላሾቹን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ለገጠር ተመላሾች ቀለብና የእርሻ ድጋፍ ታሰበላቸው፤ ትምህርት ያቋረጡትም እንዲቀጥሉ።

አሁን የምሥራቅ ጎጃሙን ተመላሽ እናስብ። ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ ሉማሜ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነህ?» ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ መሬት የሚገኘው በገበሬ ማኅበር አባልነት ነው። አባል ለመሆን ደግሞ እዚያው መኖር ያስፈልጋል። መታወቂያም፣ የድጋፍ ደብዳቤም የሚሰጠው ለነዋሪ ነው።

«ማሳው ጠባብ ነው፤ ለመጣው ሲሰጥ ከነበረው ይቀነሳል» የሚለው ክርክር እውነት አለው። የሄደውን ሰው ድርሻ ያረሰ ጎረቤት ሌባ አይደለም። ነገር ግን ቀዬውን ትቶ የጠፋና በመንግሥት ትእዛዝ የሄደ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው መርጦ ሄደ፤ ሁለተኛው ተመርጦ ተላከ።

አሜሪካኖችም ይህንኑ ቋጠሮ ለመፍታት ዘግይተዋል። በ1944 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የኮሌጅ ክፍያቸውን ሸፈነ። የየግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆች ግን ለግዛታቸው ነዋሪ በርካሽ፣ ከሌላ ግዛት ለመጣ በውድ ያስተምራሉ። ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ሲዘዋወር የኖረ ወታደር የትኛውም ግዛት ነዋሪ ሳይባል ይቀር ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ ከሠራዊቱ ከተሰናበተ 3 ዓመት ያልሞላው የቀድሞ ወታደር በሚኖርበት ግዛት እንደ ነዋሪ እንዲከፍል አስገደደ።

ጉዳዩ ለእኛ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። ገንዘቡ ያልቃል፤ የሚዘልቀው መሬቱ፣ ትምህርቱና መታወቂያው ነው። ስለዚህ የመሰናበቻ ወረቀቱ እንደ ነዋሪነት ማስረጃ፣ በአገልግሎት ያለፈው ዘመንም በቀዬው እንደኖረበት ዘመን ይቆጠርለት። አገር ራሷ ያዘዘችውን መቅረት፣ መልሳ በልጇ ላይ ጥፋት አድርጋ ልትቆጥረው አይገባም።